ዳገት ላይ የምትተነፍሰው ፒካፕ

አንድ ሰው ነበረ። አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ነበረችው፤ ወተት ይጭንባት ነበር።

ቆይ እንጂ ይርዳው፣ ገና ሳልጀምር አታቋርጠኝ! ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «አባ፣ እግዚአብሔር ሁሉን የሚያውቅ ከሆነ ተመስገን ባልለው ምን ይጎድልበታል? ብለውስ ምን ይጨመርለታል?» ነው ያልከኝ። ደህና ጥያቄ ነው። በጥቅስ ብመልስልህ ግን ራስህን እየነቀነቅህ «እሺ አባ» ትልና ገና በሩን ሳትወጣ ትረሳዋለህ። አውቅሃለሁ። ስለዚህ ቁጭ በልና ስለ ፒካፗ ስማ። «ቄስ ስለ መኪና ምን ያውቃል» ብለህም እንዳትስቅብኝ። ታሪኩን የነገረኝ ሰውየው ራሱ ነው፤ ያልገባኝን ደግሞ ኮፈኑን ከፍቶ በጣቱ እያሳየ አስረድቶኛል። ቀሚሴን ግራሶ አስነክቶብኝ ነበር፣ እሱን ይቅር ብዬዋለሁ።

ሰውየው የሚኖረው ቆላ፣ ወንዙ ዳር ካለው መንደር ነው። ወተት ተረካቢው ደግሞ ደጋ፣ ከተማው ላይ። በመካከላቸው ያለው ዳገት መቼም ሌላ ነው፤ በእግሩ የሚወጣ ሰው እንኳ ሳያርፍ አይጨርሰውም። የመንደሩ ሴቶች ጠዋት ያለቡትን በብረት ጋን ሞልተው ይሰጡታል፣ እሱ ፀሐይ ሳትበረታ ዳገቱን ወጥቶ ያስረክባል። ወተት ደግሞ ታውቃለህ፣ ትዕግሥት የለውም። ሙቀት ካገኘው መርጋት ይጀምራል፣ ያን ጊዜ ተረካቢው በአፍንጫው አሽትቶ «መልሰው» ነው የሚለው። ወደዚያ መንደር የሚወርድ ሌላ መኪና የለም። የእነዚያ ሴቶች ጨውም ሳሙናም፣ የልጆቻቸው ደብተርም ያለው እዚያች ፒካፕ ላይ ነበር። የሰውየውም እንጀራ እንደዚያው። ፒካፗ በጊዜ ከወጣች ሁሉም ቤት ምሳ አለ፣ ካልወጣች የለም።

ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ይህን ያዝልኝ። ሰክሮ አያውቅም፤ የሰው ወተት ላይ ውኃ ጨምሮ አያውቅም። ግን ምስጋና ከአፉ አይወጣም ነበር። ሴቶቹ ከእንቅልፋቸው ተነስተው፣ አልበው፣ መንገድ ዳር ቆመው ሲጠብቁት ሰላምታው «ዛሬም አረፈዳችሁ!» ነው። ረዳት መቅጠር ስላልቻለ ታኮ የምታደርግለት ሚስቱ ነበረች። ታኮ ማለት ያው መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር የሚሸጎጠው ድንጋይ ነው። ያን የሚያህል ድንጋይ ታቅፋ ከመኪናው ጎን ስትሮጥ አንድ ቀን ዞር ብሎ «ደከመሽ ወይ?» ብሏት አያውቅም። እንዲህ ዓይነት ሰው ስንት አለ መሰለህ! ብትጠይቀው «በልቤ አመሰግናለሁ» ይልሃል። በልቡ! ልቡ ውስጥ ማን ገብቶ ይስማለት?

ታዲያ አንድ ክረምት እንዳለፈ ፒካፗን ጉልበት ከዳት። ሜዳ ላይ ምንም አትል፤ ዳገቱን ስትጀምር ግን ማቃሰት ነው። ነዳጅ ቢረግጥላት አትሰማ፣ ማርሽ ቢቀንስላት አትሰማ፤ ወገቧን እንደታመመች አሮጊት እየተንፏቀቀች ትቆምና ቁጭ! የሰሙት ሁሉ «ተርቦው ነው» አሉት።

ተርቦ ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር። የቀጥቃጭ ወናፍ አይተሃል አይደል? አየር ሲነፋበት ከሰሉ እንዴት ቦግ እንደሚል? ተርቦ የናፍጣ ሞተር ወናፍ ነው። አየር ይሰበስብና በወፍራም የጎማ ቱቦ ወደ ሞተሩ ያጉረዋል፤ ቱቦውን መካኒኮቹ ማኒኮቶ ይሉታል። አየሩ በደንብ ከገባ ናፍጣው በደንብ ይነዳል፣ መኪናዋም ዳገቱን ትወጣለች። አየሩ ካነሰ ናፍጣው በቅጡ ሳይነድ ጥቁር ጭስ ሆኖ በኋላ በኩል ይወጣል። ነገሩ ሲፈታ ይኸው ነው።

ሰውየው መጀመሪያ ናፍጣ የሸጠለትን ሰው ረገመ። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮዋን አውጥቶ አራገፈ፣ ቆይቶም በአዲስ ለወጣት። ጠብ የሚል ነገር የለም። ከዚያ ከተማ ያለ አንድ መካኒክ ጋ ወሰዳት። መካኒኩ ደህና ሰው ነው፤ ተርቦውን ፈትቶ ውስጡ የምትሽከረከረውን መዘውር በጣቱ አዞራት። ሳትንገጫገጭ፣ ሳትወላወል ጥርት ብላ ዞረች። ሞተሩን አስነስቶም ነዳጅ እየሰጠ አዳመጠ።

«ተርቦው ጤነኛ ነው ጋሼ። እኔ የሚታየኝ ነገር የለም» አለው።

ይህ እኮ የምሥራች ነበር! ሌላ ሰው ቢሆን «ተመስገን፣ ከትልቁ ወጪ ተረፍኩ» ይል ነበር። የእኛ ሰው ግን ፊቱን አጨፍግጎ «ታዲያ ለምን መጣሁ?» ብሎ ወጣ። መናኸሪያው አጠገብ የሚውሉ ሹፌሮች ደግሞ በአንድ አፍ «ሞቷል ስንልህ! አዲስ ግዛ» አሉት። ዋጋውን ሲሰማ ራሱን ያዘ፤ ፒካፗን ከነሹፌሯ ቢሸጡ የሚያወጣውን ያህል ነው። አንዱ ግን ጠጋ ብሎ መላ ሹክ አለው፦ «ፓምፑ ላይ ያለችውን ቡሎን ጠበቅ አርጋት፣ ናፍጣ ይጨምርልሃል። ናፍጣ ከበዛ ጉልበት የት ይሄዳል?»

አየህ ብልሃቱን? ጎድሎኛል፣ ስለዚህ ይጨመርልኝ። ሰውየው ካቻቢቴውን ይዞ ጠበቅ አደረጋት። ናፍጣው ጨመረ፣ ወጪው ጨመረ፣ ጭሱማ መንደሩን አለበሰው፤ ጉልበቷ ግን እዚያው ነው። ጭሱ ወደ ውስጥ እንዳይገባበት መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ፣ ካሴቱን ከፍ አድርጎ መንዳት ጀመረ።

አንድ ቀን የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ፒካፗ እንደ ልማዷ ቆመች። ሚስቱ ዘላ ወርዳ ታኮ አደረገች፤ ሲንቀሳቀስም ድንጋዩን አንስታ በጎን በጎኗ ተከተለች። ቀጥ ያለው፣ አስቸጋሪው ዳገት ጋ ሲደርሱ መስኮቱን በመዳፏ ደበደበች።

«አንተ! መኪናዋ ትተነፍሳለች!»

እስቲ ይርዳው፣ አንተ ሹፌር እንኳ አይደለህም፤ ከመኪና ጋር «ተነፈሰ» ሲባል ምን ትሰማለህ? ጎማ! እሱም ጎማ ሰማ። ፍሬን ረግጦ ወረደና ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ መታ፤ ትርፍ ጎማዋን ሳይቀር መታት። ሁሉም ጠጥረው ቆመዋል።

«የታለ የተነፈሰው? ወተቱን በፀሐይ ልታስረጊብኝ ነው? ዝም ብለሽ ድንጋይሽን አትይዢም?» ብሎ ጮኸባት።

ልትመልስ አፏን ከፈተችና ተወችው። ዝም ያለችው ተስማምታ አይደለም፤ ድንጋይ ታቅፎ ከሰው ጋር መከራከር ደክሟት ነው።

ከዚያ የፈሩት ቀን መጣ። ፀሐይዋ ከጠዋቱ ጀምራ ታቃጥላለች፣ ፒካፗ እየቆመች እየተነሳች ነው። ከተማ ሲደርሱ ተረካቢው የመጀመሪያውን ጋን ከፍቶ አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። ሌላውን ከፈተ። ሁሉንም ከፈተ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ አልቀበልም። ነገም እንዲህ ከሆነ ባትደክም ይሻላል» አለው።

ሰውየው ጋኖቹን እንደጫነ ዞረ። ከከተማው ሳይወጣ አሮጌ ብረት ከሚገዛ ነጋዴ ጋር ተነጋግሮ ፒካፗን ለፍርስራሽ ሊሰጣት ቃል ገባ። ልቡ ቆርጧል። ሚስቱ ከብት ልታስገባ ቤታቸው ደጃፍ ወረደች፤ እሱ ጋኖቹን ሊመልስ ብቻውን ሴቶቹ ወደሚሰበሰቡበት ሄደ። እዚያ ሲደርስ ግን ከመኪናው መውረድ አቃተው። ሴቶቹ ጋኖቻቸውን ሊያወርዱ ሲመጡ በመስታወቱ ያያቸዋል፣ የሚመጣበትን ስድብ ይጠብቃል። እንደሚገባውም ያውቃል።

መጀመሪያ የመጡት አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ ያለቻቸው አንድ ላም ናት። ጋናቸውን ከፍተው አዩ፣ አሸተቱ፣ መልሰው ከደኑት። ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ እሱ መጥተው መስኮቱን አንኳኩ። ከፈተላቸው።

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥልን።»

የሚያሾፉበት መሰለው። «ምኑን ነው የሚሰጥልዎት እማማ? ወተትዎን አበላሽቼ?»

«ወተቱማ ተንጦ ቅቤ ይወጣዋል፣ አይደፋም። እኔ የምለው ለድካማችሁ ነው። ከዚህ ቁጭ ብለን ዳገቱ ላይ ጭሳችሁን እናየው የለም እንዴ? አንተ ብትፈልግ ትተኸን ከተማ ገብተህ ሌላ ሥራ ትሠራ ነበር፣ አልተውከንም። ባለቤትህስ! ያን ድንጋይ ተሸክማ ስትወጣ አንጀቴን ትበላዋለች። እግዜር ይስጥሽ ብለውሻል በልልኝ።»

«እሺ» አለ። እነዚያ ሴቶች አንድ ቀን እንኳ ከአፉ በጎ ቃል ሰምተው አያውቁም፣ ያንን አሰበ። ሌሎቹም እየመጡ ጋኖቻቸውን ወሰዱ። አንዳንዷ ተቆጣች፣ እውነት ለመናገር፤ እሱ ግን የሰማው ያሮጊቷን ብቻ ነው።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። የተላከው «አሮጊቷ እግዜር ይስጥሽ ብለውሻል» ብሎ እንዲነግራት ነበር። መልእክቱ ምላሱ ጫፍ ደርሶ አሳፈረው። አሮጊቷ ከሩቅ አይተው ያመሰገኗትን ሴት፣ አብሯት የሚውል ሰው እንዴት የሌላ ሰው ምስጋና ይዞላት ይመጣል?

«እግዜር ይስጥልኝ» አላት፣ በራሱ ስም።

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። «ምን ሆነሃል? አሞሃል?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ለምኑ ነው እግዜር ይስጥልኝ?»

አሁን እዚህ ላይ ጆሮህን ስጠኝ ይርዳው። ምስጋና አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው፤ ለምን እንደሆነ መናገር አለብህ። ለመናገር ደግሞ ማስታወስ አለብህ። ሰውየው ራሱን እያከከ ያስታውስ ጀመር።

«ለታኮው» አለ።

«እሺ።»

«ፀሐይ ላይ ስለምትሮጪልኝ።»

«እሺ፣ ሌላስ?» አለች። ጥሟት ነበር መሰለኝ።

«ደግሞ... ያን ቀን ጎማው ተንፍሷል ያልሽኝ። ባይተነፍስም ለእኔ አስበሽ ነው፤ ጮህኩብሽ እንጂ።»

«ጎማ? ማን ጎማ አለ?» እግሯን ከውኃው አወጣች። «እኔ መኪናዋ ነው ያልኩህ! ከፊት፣ ከኮፈኑ ሥር ነው የምትተነፍሰው። ቀጥ ያለው ላይ ጭንቅ ሲላት ፉሽሽ... ትላለች፣ ሜዳ ስትደርስ ጸጥ። ሁልጊዜ እሰማታለሁ። አንተ ካሴትህን ለቀህ የት ትሰማለህ!»

ለካ መልሱ በእጁ ገብቶ ነበር! በዚያው በዳገቱ ላይ፣ ከድንጋይ ጋር ታቅፋ አምጥታለት፣ እሱ ጎማ ሲመታ ነው የከረመው።

በማግሥቱ ሴቶቹ ወተቱን ለቅቤ አስቀሩት፤ እሱ ደግሞ ሹፌር ጓደኛውን ለምኖ መሪውን ሰጠው። ጋኖቹን ለክብደት ውኃ ሞልተው ጫኑና ወደ ዳገቱ አመሩ። ሰውየው ድንጋዩን ራሱ ታቅፎ ከሚስቱ ጋር በእግሩ ተከተለ። ስንት ዘመን ሲነዳት ዳገት ስትወጣ ከውጭ ሆኖ ሰምቷት አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ከውስጥ ነው። ድንጋዩ ደግሞ ከበደው። «ይህን ነው እንዴ ስትሸከሚ የኖርሽው?» አላት እያለከለከ። እሷ ሳቀች። ቀጥ ያለው ጋ ሲደርሱ እጅጌውን ጎተት አደረገችው፣ እሱም ሰማ። ከኮፈኑ ሥር የሚወጣ ቀጭን ፉጨት፤ ዳገቱ ሲከብድ ይጎላል፣ ሲላላ ይጠፋል።

ባልና ሚስቱ ወደ መካኒኩ ሄደው የሰሙትን ነገሩት።

«እንዲህ ብትለኝ ኖሮ ጋሼ!» አለ መካኒኩ። «እኔ የማያት ቆማ እኮ ነው። ቆማ፣ ጭነት ሳይኖራት፣ ተርቦው በኃይል አይነፋም፤ የተቀደደ ቢኖርም አይናገርም።»

የአየር መግቢያዋን አፍ በቆርቆሮ ክዳን ደፈነው። በክዳኑ ላይ ባበጃት ቀዳዳ፣ ከጎረቤቱ ከጎሚስታው አየር ተውሶ ቀስ አድርጎ አስገባ፤ ጎሚስታው ጎማ ሲጠግን የሚጠቀምበትን አየር ማለቴ ነው። የሰውየው ሚስት ሳሙና በጥብጣ አረፋውን በጨርቅ ማኒኮቶው ላይ ዙሪያውን ቀባችው። ከላይ ምንም የለም። ከጎንም የለም። ከታች በኩል ግን፣ ዓይን በማያይበት፣ ማኒኮቶው ከአንድ ብረት ጋር ሲፋተግ በኖረበት ቦታ አረፋው ቡፍ ብሎ ተነፋ፣ ፈነዳ፣ እንደገና ተነፋ። መካኒኩ ጣቱን ሰድዶ ዳሰሰው። ተሰንጥቋል። አየሩ ሲላላ ስንጥቁ ገጥሞ ደህና ይመስላል፤ አየሩ ሲበረታ ይከፈታል።

«ተርቦውስ?» አለ ሰውየው ቀስ ብሎ።

«ተርቦው መቼ ሰነፈ ጋሼ? ሲነፋልህ ነው የኖረው። አንተ ጋ አልደረሰም እንጂ።»

ይህን ሲሰማ ኮፈኑን ተደግፎ አለቀሰ። መካኒኩ ደነገጠ፤ የማኒኮቶው ዋጋ ያስለቀሰው መስሎት «ኧረ አይዞህ፣ ርካሽ ነው!» አለው። ሚስቱ በሳቅ ፈረሰች። እሱም እንባውን ሳይጠርግ አብሯት ሳቀ።

አዲስ ማኒኮቶ ገባላት፣ ከብረቱም ራቅ ተደርጎ ታሰረ። ፓምፑ ላይ ያለችው ቡሎንም ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ተጨማሪው ናፍጣ ከጭስ በስተቀር የጠቀመው ነገር የለም። በማግሥቱ ያቺ አሮጌ ፒካፕ፣ ከዚያው ተርቦዋ ጋር፣ ዳገቱን አንድ ጊዜ ሳትቆም ወጣችው። ተረካቢው ጋኑን ከፍቶ አሸተተና «አስገባ» አለ። ሰውየው አሮጌ ብረት ገዢውን «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ብሎት ቆላ ወረደ፣ ሴቶቹን እየዞረ አንድ በአንድ በየስማቸው አመሰገናቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ያሮጊቷን ጉልበት ስሞ ነው የተመለሰው። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እኔም እሱን ሳስብ እስከ ዛሬ ተመስገን እላለሁ።

እንግዲህ ይርዳው፣ ወደ አንተ ልመለስ። «ተመስገን ባልለው ምን ይጎድልበታል?» ላልከኝ፣ ምንም አይጎድልበትም። ልክ ነህ። ማኒኮቶው ተቀደደ ብሎ ተርቦው መንፋቱን አላቆመም፤ እግዚአብሔርም አንተ ዝም ስላልክ መስጠቱን አይተውም። የሚጎድለው አንተ ጋ ነው። ምስጋና የተሰጠህ ነገር አንተ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ ነው። እሱ ከተቀደደ ስጦታው መጥቶም አይገባልህም። ያን ጊዜ «ጎደለኝ፣ ጨምርልኝ» ትላለህ፤ ይጨመርልሃል፣ የምታተርፈው ጭስ ነው። ደግሞ ሜዳ ላይ አያስታውቅም። ሰው ሲያይህ ደህና ነህ። ኑሮ ቀጥ ያለው ላይ ስትደርስ ነው የሚታወቅብህ።

ሚስትህ ትናንት መጥታ ነበር። እንዳትቆጣት፣ ጨንቋት ነው። ልጃችሁ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሷል፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ይጫወታል፣ ሐኪሙም ጨርሶ ድኗል ብሏችኋል። አንተ ግን ልጁ ተኝቶ ሳለ እየተነሳህ ደረቱ ላይ እጅህን ታደርጋለህ አለችኝ። ሲስቅ አትስቅም፣ ሲያስል ትደነግጣለህ። እሷ «እንስገድ፣ እናመስግን» ስትልህ «ምን ይጨምርለታል» ብለህ መለስክላት። እኔን የጠየቅኸኝም ለዚህ ነው፣ አይደል?

ልጅህ ድኗል፣ ይርዳው። መዳኑ ግን አንተ ጋ አልደረሰም። እናቱ ጋ ደርሷል፣ ሰፈሩ ጋ ደርሷል፣ አንተ ግን አሁንም አልጋው አጠገብ ተቀምጠህ ታስታምማለህ። በል አሁን ተነስና ሂድ። ለእግዚአብሔር ብለህ አይደለም፣ ለራስህ ብለህ፤ ልጁን ጥራና ዓይን ዓይኑን እያየህ፣ በልብህ ሳይሆን በአፍህ፣ እናቱም እየሰማች «ልጄን ስለመለስክልኝ ተመስገን» በል። ያን ጊዜ ልጅህ ላንተም ከሆስፒታል ይወጣልሃል።